ክፋት ስለ ምን ተፈቀደ? የሦስት ሊቃውንት መልስ ሲመዘን

እግዚአብሔር ቸርና ሁሉን ቻይ ሲሆን ክፋት በዓለም ላይ ስለ ምን ይሠለጥናል የሚለው ጥያቄ የክርስቲያን ሊቃውንትን ሲያደክም የኖረ ነው። መልሳቸውም አንድ አይደለምና ሦስቱን ማመዛዘን ይገባል፤ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ፊተኛው የቀጰዶቅያዋ ቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ የቅዱስ ባስልዮስ ነው። እግዚአብሔር የክፋት ምንጭ አለመሆኑን ባስተማረበት ድርሳኑ፥ ዕውርነት የዓይን ብርሃን መጥፋት እንደ ሆነ ክፋትም የበጎ ነገር መጉደል እንጂ ባሕርይ ያለው አይደለም ይላል። ኃጢአትን ለሰው ፈቃድ ሰጥቶ፥ ረኃብንና መቅሠፍትን ግን ሐኪም እንደሚያዝዘው መራራ መድኃኒት ይቈጥራቸዋል። ይህ ትምህርት ፈጣሪን ከነቀፋ ያነጻል፤ ነገር ግን ያልበደለ ሕፃን ሲሞት መድኃኒቱ ማንን እንዳዳነ ጥያቄው ይቀራል።

ሁለተኛው ጀርመናዊው ላይብኒትስ በ1710 ባሳተመው መጽሐፍ የሰጠው ነው። እግዚአብሔር ሊፈጠሩ ከሚችሉት ዓለማት ሁሉ የሚሻለውን መረጠ ይላል። በ1755 በቅዱሳን ሁሉ በዓል ቀን የሊዝቦን ምድር ተናውጣ አብያተ ክርስቲያናት በምእመናን ላይ ወደቁ፤ ቮልቴርም በ1759 «ካንዲድ» በተባለው ልብ ወለዱ በዚህ ሐሳብ አፌዘ። ፌዝ ማስረጃ ባይሆንም ጉድለቱን ገልጧል፤ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የአንዱ ሰው ዕንባ ቍጥር ብቻ ሆኖ ይቀራልና።

ሦስተኛው እንግሊዛዊው ጆን ሂክ በ1966 የጻፈው ነው። የሁለተኛው ምእት ዓመት አባት ሄሬኔዎስ ሰው እንደ ሕፃን ተፈጥሮ ወደ ፍጹምነት ያድጋል ያለውን ይዞ፥ ዓለም ነፍስ የምትታነጽባት ቦታ ናት ይላል፤ ሳያድግ የሞተውም ከሞት በኋላ ያድጋል ብሎ ይመልሳል። ተስፋ ይሰጣል፤ ሆኖም መከራን መምህር ማለት ሰውን ከመከራ ለማውጣት ያለውን ትጋት እንዳያላላ ያሠጋል።

የኢዮብ ወዳጆች ለእግዚአብሔር ጠበቃ የቆሙ መስሏቸው ሳሉ ተገሠጹ፤ አዝኖ የተከራከረው ኢዮብ ግን ቅን ተናገረ ተባለ። ስሕተታቸው ምክንያት መፈለጋቸው ሳይሆን ምክንያቱን በቍስለኛው ላይ መጫናቸው ነው። ስለዚህ ማናቸውም መልስ በጉባኤ ቤት ብቻ ሳይሆን በልቅሶ ቤትም ሊመዘን ይገባል።

ባስልዮስ የሚበልጠው በዚህ ነው። ገና ቄስ ሳለ በ369 ገደማ በአገሩ ረኃብ በገባ ጊዜ ድርሳን ደርሶ ዝም አላለም፤ ባለጸጎችን መክሮ ጎተራቸውን አስከፈተ፥ የተራቡትንም ሰብስቦ መገበ። ክፋት የበጎ መጉደል ከሆነ፥ መልሱ የጎደለውን መሙላት ነውና።