ቀስት እየረገጡ ማላብ

የጃፓኑ ኩባንያ ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው «ዳንስ ዳንስ ሪቮሉሽን» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ አጨዋወቱ ቀላል ነው። መርገጫው ላይ አራት ቀስቶች አሉ፤ ፊት፣ ኋላ፣ ግራ፣ ቀኝ። በስክሪኑ ሽቅብ የሚወጡት ቀስቶች ከላይ ካሉት ምልክቶች ጋር ሲገጥሙ በምቱ ልክ መርገጥ ነው። በጀማሪ ደረጃ እግር ይዝናናል፤ ከፍ ሲል ግን ጉልበት ይዝላል፣ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። ደግነቱ፣ ቀስት የሚያሳድድ ዓይን ሰዓት አያይም። መሮጫ ማሽን ላይ አምስት ደቂቃ የሚረዝምበት ሰው እዚህ «አንድ ዘፈን ብቻ» እያለ ይቀጥላል። የአሜሪካዋ ዌስት ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ2006 ጨዋታውን ለትምህርት ቤቶቿ የስፖርት ክፍለ ጊዜ መምረጧ አይገርምም፤ ኳስ ሲመጣ ጥግ የሚይዘው ልጅም ተራ ይደርሰዋል። እስክስታ የማይሆንለትም አይፈር፤ ጨዋታው የሚፈልገው እግር እንጂ ትከሻ አይደለም።