ሽለላ በቴነር ሳክስፎን

ጌታቸው መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ1972 በፊሊፕስ ያሳተመውና «የኢትዮጵያ ሳክስ ንጉሥ» በሚል ስም የሚታወቀው አልበም ዘፋኝ የለውም። ቡድኑ ትንሽ ነው፤ ዜማውን ከዳር እስከ ዳር የሚሸከመው ቴነር ሳክስፎኑ ነው። ይፋት የተወለደው ጌታቸው በልጅነቱ ክራርና መሲንቆ ተጫውቷል። በ1949 የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፤ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወረ። ወፍራም ድምፁና ሰፊ ንዝረቱ የስዊንግ ዘመን ቴነር ተጫዋቾችን፣ በተለይም ኮልማን ሃውኪንስን ያስታውሳሉ። አነፋፉ ግን የሸላይ ነው።

ሽለላ በቋሚ ምት አይታሰርም። ሸላዩ ትንፋሹ እስኪያልቅ ድምፁን ያስረዝማል፣ ድንገት ይቆርጣል፣ ቃላቱን ያጣድፋል፣ እንደገና ያቅራራል። በሳክስፎን ይህን ለማድረግ ጣት ብቻ አይበቃም። ቁልፎቹ ድምፁን በተወሰነ ቦታ ስለሚያስቀምጡት፣ በመሲንቆ ጭራ ላይ ጣት ተንሸራቶ የሚያመጣውን መጎተት በሳክስፎን የሚያመጡት ከንፈርና ጉሮሮ ናቸው። ተጫዋቹ ከድምፁ ሥር ይነሣል፣ እየገፋ ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ያንቀጠቅጠዋል። ጌታቸው ሽለላን ወደ ሳክስፎን ያመጣው በ1950ዎቹ ነው፤ ፍሪ ጃዝ በአሜሪካ ስም ሳያወጣ ማለት ነው። መድረክ ላይም የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ይወጣ ነበር።

በአልበሙ ውስጥ የወሎን ጆሮ ይበልጥ የሚይዙት «አምባሰል»ና «አንቺ ሆዬ» ናቸው። አምባሰል ስሙን ከዚያው ከወሎ አገር የወሰደ ቅኝት ነው፤ አንቺ ሆዬም በአዝማሪ መሲንቆ የሚሰማ ቅኝት ነው። አንቺ ሆዬ ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ይሆናል። ቴነር ሳክስፎን ከተጻፈለት አንድ ኦክታቭና አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ብሎ ስለሚሰማ፣ ተጫዋቹ በጣቱ የሚይዘው ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ሲ ነው። በመነሻው ላይ የሚያርፍበት ንጹሕ አምስተኛ ድምፅ የለውም፤ ቅኝቱ ልብ የሚያንጠለጥለውም ለዚህ ነው። ከሥሩ የምዕራባውያን ሙሉ ኮርድ የሚደረድር አጃቢ በቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ያስገባና ያበላሸዋል። አልበሙን ትንሽ ቡድን የጠቀመውም እዚህ ላይ ነው፤ አጃቢዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ለዜማው ቦታ ይለቃሉ።

ሥራው በ2003 በኢትዮፒክስ ተከታታይ 14ኛ ቅጽ ሆኖ እንደገና ታተመ። ጌታቸው ከኔዘርላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር በ2006 «ሞአ አንበሳ»ን አውጥቷል፤ ያረፈው በ2016 ነው። ከሁለቱ ለጀማሪ የሚበጀው የ1972ቱ ነው፤ እያንዳንዱ ትንፋሽ ተለይቶ ይሰማልና። ላሊበላም ሆነ ወልድያ ሳክስፎን የያዘ ወጣት ይህን አልበም ያዳምጥ፤ ከዚያም «አንቺ ሆዬ»ን በሰፈሩ ካለ መሲንቆ ተጫዋች ጎን ተቀምጦ ይሞክረው።