እንግዳው ወይስ ባለቤቱ?

የሁለት አገሮችን ኪነት ባንድ መድረክ የሚያገናኝ ፌስቲቫል ሲመዘን፣ እንግዳው ምን ይዞ መጣ ከማለታችን በፊት ባለቤቱ ምን አሰማ ብለን እንጠይቃለን። በ1996 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ፌስቲቫል የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ የእኛኑ ዜማዎች ተጫወተ፤ ሙላቱ አስታጥቄና ጌታቸው መኩሪያም አብረውት ተሰለፉ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ዝግጅቱን በ«ኢትዮፒክስ» 20ኛ ቅጽ አወጣው። አሳታሚው የፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ ነው (ስሙ ለእኛ ጆሮ ያስቃል)። ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተ ሰው ነው፤ መሣሪያው የውጭ፣ ፉከራው የአገር። እዚህ ላይ ባለቤቱ በሚገባ ተሰምቷል።

ቅሬታችን ሌላ ነው። ተከታታዩ የዓለሙ አጋን በገና ቢያካትትም፣ በውጭ አገር ስሙን የተከለው የ1960ዎቹ የአዲስ አበባ ሸክላ ነው። ስለዚህ ብዙ አድማጭ ሙዚቃችን ከዚያ ወዲያ ያበቃ ይመስለዋል። ደግሞም ፓሪስን ስናይ ጎረቤትን ዘንግተናል። ሱዳኖችም እኛም ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት አለን፤ የመሐመድ ወርዲ ዘፈን በአገራችን ሲወደድ አስተርጓሚ አልፈለገም። በ2013 ዓ.ም. ከጦርነት ሸሽተው ገዳሪፍ፣ መንደር 8 ለደረሱ ወገኖቻችንም የዚያ አገር ዜማ ባዕድ የሆነባቸው አይመስለንም። መምህራን የሁለቱን አገሮች ዘፈን በክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ቢያሰሙ፣ ተማሪው የቱ ከየት እንደ መጣ ለመለየት ይቸገር ይሆናል። ይቸገር።