«አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም

የሳንባ ካንሰር የዘረመል ምርመራ ሲነሳ የምንሰማው በአብዛኛው ስለ ማሽኑ ነው፤ ስንት ጂን በአንዴ ያነባል፣ ምን ያህል ይፈጥናል። ማሽኑ የሚያነበው ናሙናስ ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ ከቀጭን መርፌ ነው። በአየር ቧንቧ በኩል ገብታ ከዕጢው ወይም አጠገቡ ካለ ንፍፊት ህዋስ የምትስበው መርፌ ውፍረቷ 0.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ዛሬ የምተቸው ይህን ሥራ የሚመራውን ሰነድ ነው፦ የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅና ሁለት አጋር ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2013 አውጥተው በ2018 ያደሱትን መመሪያ።

መጀመሪያ የሚመሰገንበትን እንይ። የ2013ቱ እትም ላቦራቶሪዎች ቢያንስ 50% የካንሰር ህዋስ ባለው ናሙና ላይ የሚሠራ ምርመራ እንዲኖራቸው ይጠይቅ ነበር። የ2018ቱ ይህን ወደ 20% አወረደው። በመስታወት ላይ ለተቀባ ናሙናም በሩን በሰፊው ከፈተ። ሁለቱም ለትንሽ ናሙና የሚያግዙ ናቸው።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? መቶኛው ላይ። እስቲ እናስላው። 100 ህዋስ አለን እንበል፤ 20ው የካንሰር ናቸው። የዘረመል ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከሁለቱ የጂን ቅጂዎች በአንዱ ላይ ነው። ስለዚህ ከ200 ቅጂ ለውጡን የያዘው 20 ብቻ ነው፤ 10% ማለት ነው። የቆየው የሳንገር ንባብ ከ15–20% በታች ያለውን በደንብ ስለማያይ ይህን ሊያልፈው ይችላል። አዲሶቹ ማሽኖች ግን 5%ንም ያያሉ። እሰየው!

ግን ልብ በሉ፤ ከ100 ህዋስ 20ውም፣ ከ10,000 ህዋስ 2,000ውም 20% ናቸው። በመቶኛ እኩል ናቸው፣ በማስረጃ ግን አይገናኙም። ዲኤንኤው ሲወጣና ሲጣራ ይባክናል። ፎርማሊን የቀረውን ይሰባብራል፤ አንዳንዴም የሌለን ለውጥ ያለ ያስመስላል። 20 ቅጂ ይዘን ስንጀምር ምልክቱ በጫጫታ ይዋጣል። በዚያ ላይ 20%ዋ ራሷ የተገኘችው በማይክሮስኮፕ፣ በዓይን ግምት ነው። ሁለት ባለሙያዎች ያንኑ ስላይድ አይተው የተለያየ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ።

መመሪያው ይህን አልዘነጋም። ዝቅተኛውን የህዋስ ብዛት እያንዳንዱ ላቦራቶሪ ራሱ ይወስን ብሎ ተወው። መሣሪያዎች ስለሚለያዩ ምክንያቱ ይገባኛል። ግን ያ ቁጥር በላቦራቶሪው መዝገብ ውስጥ ከቀረ ሐኪሙ የሚያየው «አልተገኘም» የሚለውን ብቻ ነው።

ይሄ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። ኢጂኤፍአር በተባለው ጂን ላይ የተወሰነ ለውጥ ያለበት ካንሰር ለጌፊቲኒብ ጥሩ ምላሽ እንደሚሰጥ እ.ኤ.አ. በ2004 ታወቀ። ዛሬ ደግሞ ኦሲመርቲኒብ አለ፤ ሁለቱም የሚዋጡ እንክብሎች ናቸው። ለውጡ እያለ «አልተገኘም» ከተባለ ታማሚው የሚረዳው መድኃኒት እያለ ሳያገኘው ይቀራል።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። «አልተገኘም» ከሚለው ጎን ሁለት ነገር ይጻፍ፦ ስንት የካንሰር ህዋስ እንደተመረመረና ምርመራው እስከ ስንት በመቶ ማየት እንደሚችል። ቁጥሩ ካነሰ ሐኪሙ መርፌውን ይደግማል፣ ወይም በደም ውስጥ የሚንሳፈፈውን ዲኤንኤ ያስመረምራል።

እናንተም «ምርመራው ምንም አላገኘም» የሚል ነገር ስታነቡ «ከስንት ህዋስ?» ብላችሁ ጠይቁ።