ጫማም አይደለም፣ ቁራኛም አይደለም

ስለ ኳንተም ቁርኝት የሚያስረዳ ቪዲዮ ካያችሁ የጫማውን ምሳሌ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። አንድ ጥንድ ጫማ በሁለት ካርቶን ተለያይቶ አንዱ እንጅባራ፣ ሌላው ዳንግላ ይላካል። እንጅባራ ላይ ከፍታችሁ የግራውን ካገኛችሁ ዳንግላ ያለው የቀኙ ነው። «በቃ፣ ቁርኝት ማለት ይኸው ነው» ይሏችኋል።

ቆይ፣ ይሄ ምኑ ይገርማል? ጫማው ገና ሲታሸግ ግራ ነበር፤ ያላወቅነው እኛ ነን። ምሳሌው የቀለለው ዋናውን ጥያቄ ስለዘለለው ነው፦ ቅንጣቶቹስ መልሳቸውን ከመነሻው ይዘው ነው የሚሄዱት? ጆን ቤል በ1964 እ.ኤ.አ. ይህ ጥያቄ በልኬት ሊፈተን እንደሚችል አሳየ።

እንደ ጨዋታ አስቡት። እናንተ እንጅባራ፣ ጓደኛችሁ ዳንግላ፤ መሃላችሁ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ስልክ የለም። በየዙሩ ለየራሳችሁ ሳንቲም ይጣልላችሁና የራሳችሁን ብቻ አይታችሁ «አዎ» ወይም «አይ» ትላላችሁ። ሁለቱም ሳንቲሞች አንበሳ ካሳዩ መልሳችሁ መለያየት አለበት፤ አለዚያ መመሳሰል አለበት። አስቀድማችሁ የፈለጋችሁትን ያህል ብትመካከሩም በአማካይ ከ100 ዙር ከ75 በላይ አታሸንፉም። የጫማው ምሳሌም ከዚህ አያልፍም፤ ጫማ ቀድሞ የተጻፈ መልስ ነዋ!

የተቆራኙ ቅንጣቶችን እየለካ የሚመልስ ግን በንድፈ ሐሳብ እስከ 85 ይደርሳል። በ2015 ኔዘርላንድስ ውስጥ የዴልፍት ተመራማሪዎች መሣሪያዎቻቸውን በ1.3 ኪሎ ሜትር አራርቀው ይህንኑ ጨዋታ 245 ዙር ሞከሩት፤ 196ቱን አሸነፉ። 80 በመቶ መሆኑ ነው። በየቦታው ቀድሞ በተያዘ መልስ ሊገለጽ የማይችለውን ይህን ዝምድና ነው ኢ-አካባቢያዊነት የምንለው።

ታዲያ አንዱ ሌላውን ከሩቅ ይጎትተዋል? «ቁርኝት» የሚለው ቃላችን ራሱ ወደዚህ ይገፋል። በድሮ ዳኝነት ባለዕዳና ባለገንዘብ ቁራኛ ታስረው ይሄዱ ነበር፤ አንዱ ሲራመድ ሌላው ይሳባል። እዚህ ግን የሚሳብ ገመድ አልታየም። ዳንግላ ያለው ጓደኛችሁ የራሱን ውጤት ብቻ ካየ፣ እንጅባራ ላይ ምንም ብታደርጉ፣ ግማሹ «አዎ» ግማሹ «አይ» ነው። ስለዚህ መልእክት አይላክበትም። ዝምድናው የሚታየው ሁለቱ መዝገቦች ተገናኝተው ሲነጻጸሩ ብቻ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ከብርሃን ፈጥኖ አይደርስም። «በኳንተም ከሩቅ እንፈውሳለን» የሚላችሁ ካለ ይህችን ነጥብ አንሱበት።

ርዕሱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ስንታየሁ ተስፋ በ2006 በፊዚካል ሪቪው ኤ መጽሔት በሌዘር ውስጥ ስለሚፈጠር ቁርኝት ጽፈዋል። እዚህ ደረጃ ከደረስን ለጀማሪ የምንሰጠውም ምሳሌ ሊሻሻል ይገባዋል። የቁርኝት ትርጉም ዛሬም ፊዚክሰኞችን ያከራክራል፤ ጫማው ግን ክርክሩ እንዳለ እንኳ አይነግራችሁም። ለታናሾቻችሁ ስታስረዱ ጫማውን ትታችሁ ሁለት ሳንቲም ስጧቸው፤ 75ን ለማለፍ ራሳቸው ይሞክሩት።