ኅብርና ፍርድ፤ ስለ አንድ የሄቪ ሜታል ዘፈን አተረጓጐም

ሄቪ ሜታል የሚባለው የዘፈን ዐይነት መልክ የያዘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. ግድም በእንግሊዝ አገር፥ በበርሚንግሃም ከተማ፥ ከሠራተኛ ቤተ ሰብ በወጡ ወጣቶች ነው። ሞትን፥ ጦርነትንና ሰይጣንን ደጋግሞ ስለሚያነሣ፥ ብዙ ሰዎች ግጥሙን በጥሬ ቃሉ ይፈርዱበታል። ይህ አፈራረድ ምን ያህል እንደሚያሳስት፥ ፈራጆቹን የሚነቅፉትም በምን እንደሚሳሳቱ፥ የዚያው ከተማ ተወላጅ ኦዚ ኦዝቦርን የዘፈነው «ሱዊሳይድ ሶሉሽን» በሚገባ ያስረዳል።

ዘፈኑ በ1980 ወጣ። በ1984 በካሊፎርኒያ አንድ የ19 ዓመት ወጣት የዘፋኙን ሸክላዎች ሲሰማ አምሽቶ ራሱን ገደለ። ወላጆቹም ልጃችንን ለሞት የገፋፋው ዘፈኑ ነው ሲሉ ዘፋኙንና አሳታሚውን ከሰሱ። ክሱ በ1986 ውድቅ ሆነ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1988 ውሳኔውን አጸና።

የትርጕሙ ክርክር የቆመው በአርእስቱ ሁለተኛ ቃል ላይ ነው። «ሶሉሽን» በእንግሊዝኛ መፍትሔ ማለት ነው፤ አንድ ነገር የሟሟበት ፈሳሽም ማለት ነው። በቅኔ ሊቃውንት አነጋገር ኅብር ነው። ከሳሾቹ ሰሙን ይዘው፥ ዘፈኑ ራስን መግደልን እንደ መፍትሔ ያቀርባል አሉ። ግጥሙ ግን ገና ከመግቢያው መጠጥን እየጠራ ስለሚነሣ፥ ወርቁ ሰካራሙን ቀስ በቀስ የሚገድለው አልኮል መሆኑን ያመለክታል። ቃሉን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «መፍትሔ» ቢል ፈሳሹን፥ «ፈሳሽ» ቢል መፍትሔውን ያጣል፤ እንግዲህ መተርጐሙ ራሱ መፍረድ ነው።

ገጣሚውን መጠየቅ ይበቃል የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ዘፋኙ፥ ግጥሙ በ1980 ብዙ ጠጥቶ የሞተውን የቦን ስኮትን ነገር እንደሚመለከት ሲናገር፥ ግጥሙን የጻፈው ቦብ ዴይዝሊ ግን ያሰበው የራሱን የዘፋኙን ስካር እንደ ነበር ገልጿል። ሁለቱ ስለ መጠጡ ቢስማሙም፥ ስለ ሰካራሙ ማንነት አይስማሙም።

የዘፈኑ ጠበቆችም የሚዘሉት ነገር አለ። በግጥሙ መካከል፥ ብቻውን ቢነበብ፥ ከሞት በቀር መውጫ የለም የሚል ሐሳብ ይገኛል። ዘፈኑ ሰካራሙን በሁለተኛ መደብ የሚያናግር ስለ ሆነ፥ ይህ የዘፋኙ ምክር ሳይሆን የሰካራሙ የገዛ ሐሳቡ ሲመለስለት ነው ማለት ይቀናል። ነገር ግን በዜማ የተነገረ ቃል የትምህርተ ጥቅስ ምልክት የለውም፤ ያዘነ ሰሚ «አንተ» የተባለው እርሱ ራሱ ሊመስለው ይችላል።

ፍርድ ቤቱ የዘፈን ግጥም በምሳሌ የሚናገር መሆኑን አመልክቶ ተከሳሾቹን ነጻ አወጣ፤ ይህም ተገቢ ነበር። ኀላፊነትን መወሰን ግን ትርጕምን መጨረስ አይደለም። የዚህ ዐይነት ግጥም ተመራማሪ በቃሉ ኅብር ሳይረካ፥ በግጥሙ ውስጥ የሚናገረው ማን እንደ ሆነና ሰሚው በምን ሁኔታ እንደ ሰማው ለይቶ መመርመር ይገባዋል።