የወል ስም፣ የወል መሬት፦ የዋንጋሪ ማታይ ግለ ታሪክ ስለ ኡሁሩ ፓርክ የሚለውና የማይለው

ኬንያዊቷ ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት «አንባውድ» (አንገቷን ያልደፋች) በተሰኘው ግለ ታሪካቸው ውስጥ ስለ ናይሮቢው ኡሁሩ ፓርክ የሚተርኩት ክፍል ዘወትር የሚነበበው እንደ አንዲት ሴት የጀግንነት ታሪክ ነው። ንባቡ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። በክፍሉ ውስጥ ከጀግንነቱ እኩል የሚታገሉት ቃላት ናቸው፤ በአንድ በኩል ፓርኩን ለግንባታ የሚያመቻቹ፣ በሌላ በኩል ደግሞ የነዋሪው ሁሉ አድርገው የሚያቆዩ ቃላት። ይህ ጽሑፍ ክፍሉን ከዚህ አንጻር ይመረምራል። ዋና ሐሳቡም የሚከተለው ነው፦ መጽሐፉ የመናፈሻውን ስም ከባለሥልጣናት እጅ አውጥቶ ለሕዝብ መመለሱ ትልቁ ስኬቱ ነው፤ ሣሩ ላይ የሚቀመጠው ሕዝብ በራሱ አንደበት ስለ ቦታው ሲናገር አለማሰማቱ ግን ትልቁ ጉድለቱ ነው።

1. የክርክሩ መነሻ

ኡሁሩ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ለሕዝብ የተከፈተ፣ ወደ 13 ሄክታር የሚጠጋ ስፋት ያለውና ከናይሮቢ የንግድ ማእከል ጋር የሚዋሰን መናፈሻ ነው። በጠባብ ቤት ተጨናንቆ ለሚኖር የከተማ ሰው፣ እሑድ ቀን ልጆቹን ይዞ ያለ ክፍያ የሚቀመጥበት ሰፊ ሣር ማለት ነው። በ1989 በዚሁ ሣር ላይ 60 ፎቅ ያለው ሕንፃ ሊቆም እንደ ሆነ ተሰማ። ዕቅዱ የገዢውን ፓርቲ የካኑን ዋና ጽሕፈት ቤት፣ የፓርቲውን ጋዜጣ «ኬንያ ታይምስ»ን፣ ለ2,000 መኪኖች የሚሆን ማቆሚያና የፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይን ግዙፍ ሐውልት ያካተተ ነበር። የጋዜጣው ሸሪክ ብሪታኒያዊው ባለሀብት ሮበርት ማክስዌል ነበሩ።

የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ መሥራች የሆኑት ማታይ በዚያው ዓመት ለጋዜጣው አሳታሚ፣ ለፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት፣ ለተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራምና ለብሪታኒያ ከፍተኛ ኮሚሽነር በተከታታይ ደብዳቤ ጻፉ። መልሱ የመጣው በሌላ መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1989 የፓርላማ አባላት መደበኛ ሥራቸውን አቋርጠው ንቅናቄውን የፈት ሴቶች ስብስብ እያሉ አወገዙት። በዲሴምበር ፍርድ ቤት ክሳቸውን ዘጋው፤ ፕሬዚዳንቱም በሪፐብሊኩ በዓል ቀን በዚያው ፓርክ ተገኝተው፣ በአፍሪካ ባህል ሴት ወንድን አክብራ ዝም ማለት እንደሚገባት ተናገሩ። ንቅናቄው ከመንግሥት ቤት እንዲለቅ ተደረገ። ይሁንና የውጭ ገንዘብ ሰጪዎች ፊታቸውን በማዞራቸው ሕንፃው ሳይሠራ ቀረ፤ ቦታውን የከለለው አጥርም በ1992 ተነሣ።

2. ከተጸውዖ ስም ወደ የወል ስም

«ኡሁሩ» በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው። ረቂቅ ስም ሲሆን፣ የአንድ ቦታ መጠሪያ ከሆነ በኋላ ግን እንደማንኛውም የተጸውዖ ስም ትርጉሙ ይደበዝዛል። «ኡሁሩ ፓርክ እንገናኝ» የሚል ሰው ስለ ነፃነት እያሰበ አይደለም። ስም አውጪ መንግሥታት ይህን ጸባይ ያውቁታል። ክቡር የሆነን ቃል በሰሌዳ ላይ ጽፎ መስቀል ቃሉን ማክበር ይመስላል፤ ነገር ግን ቃሉ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀው ነገር አይኖርም።

የማታይ ትረካ የሚሠራው ይህን ሂደት ወደ ኋላ መመለስ ነው። ጉዳዩን የሚተርከው ዘጠነኛ ምዕራፍ ለነፃነት ስለ መታገል የሚናገር ርእስ ይዟል። አንባቢው «ኡሁሩ» የሚለውን ቃል ባገኘ ቁጥር ከቦታው ስም ሥር የተኛው ትርጉም እየነቃ ይሄዳል። የነፃነት መናፈሻ ላይ የአንድ ፓርቲ ጽሕፈት ቤትና የአንድ ሰው ሐውልት ሊቆም ነው የሚለው ዐረፍተ ነገር፣ የስሙ ትርጉም ብቻ እንዲሰማ ከተደረገ፣ ሌላ ማስረጃ ሳይጨመርበት ክስ ይሆናል። ደራሲዋ ይህን ቅራኔ በማብራሪያ አያደክሙትም፤ ስሙን እየደጋገሙ ቅራኔው በራሱ እንዲሰማ ያደርጋሉ። ይህ የመጽሐፉ ጠንካራ ጎን ነው።

ተከታዩ ምዕራፍ ሂደቱን ይፈጽመዋል። በፌብሩዋሪ 1992 የፖለቲካ እስረኞች እናቶች ልጆቻቸው እንዲፈቱ በመጠየቅ በፓርኩ አንድ ጥግ የረኀብ አድማ አደረጉ። ፖሊስ በኃይል በበተናቸው ጊዜ ከእናቶቹ አንዳንዶቹ ልብሳቸውን ጥለው ቆሙ፤ ይህም በብዙ የኬንያ ማኅበረሰቦች ዘንድ በተመልካቹ ላይ የሚወርድ ከባድ እርግማን ነው። ያ ጥግ ከዚያ ወዲህ የነፃነት ጥግ ተብሎ ይጠራል። የፓርኩን ስም ያወጣው መንግሥት ሲሆን የጥጉን ስም ያወጡት ግን የተቀመጡበት ሰዎች ናቸው። «ነፃነት» ከሰሌዳ ወርዶ እንደገና ማንም ሊናገረው የሚችል ቃል ሆነ። በሰዋስው ቋንቋ ለመናገር፣ የተጸውዖ ስም የነበረው ወደ ወልነቱ ተመለሰ።

3. «ምን አገባሽ?»

መጽሐፉ ለደብዳቤዎቹ ከሰጠው ያነሰ ስፍራ የሰጠው ለፍርድ ቤቱ ብይን ነው። ከቋንቋ አንጻር ግን የጉዳዩ እምብርት ይህ ብይን ነው። ፍርድ ቤቱ ግንባታው ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለውን ጥያቄ አልመረመረም። ክሱን የዘጋው ከሳሿ ለመክሰስ የሚያበቃ የራሳቸው የተለየ ጥቅም የላቸውም፣ በሕዝብ ስም መቆም የሚችለው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ነው በሚል ነበር። ይህን በአማርኛ ለመግለጽ የሕግ ቃል መፈለግ አያሻም። «ምን አገባሽ?» ማለት ነው።

የአባባሉ አሠራር ልብ ሊባል ይገባዋል። «ምን አገባሽ» የሚጠይቀው በነገሩ ውስጥ ያስገባሽ ምንድን ነው ብሎ ነው፤ የሚጠይቀውም ሁልጊዜ ውስጥ ያለ የሚመስለው ሰው ነው። እርሻው የተወሰደበት ሰው «መሬቴ ነው» ብሎ ይመልሳል። ስለ መናፈሻ የሚከራከር ሰው ግን የሚመልሰው ያጥረዋል፤ ጉዳቱ ከሌላው ሰው ጉዳት በምንም አይለይምና። በዚህ አመክንዮ የሁሉ የሆነ ነገር ሲነካ ሁሉም እኩል ስለሚጎዳ ማንም አልተጎዳም ይባላል። ብይኑ የወል የሚባል ነገርን ባለቤት አልባ ከማድረግ አንድ እርምጃ ብቻ ነበር የቀረው።

የኬንያ ሕግ ከዚያ በኋላ የሄደበት መንገድ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። የ1999ኙ የአካባቢ አስተዳደርና ቅንጅት ሕግ ከሳሽ በግሉ መጎዳቱን እንዲያስረዳ የሚጠይቀውን ግዴታ አላላ፤ የ2010ሩ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 70 ለንጹሕ አካባቢ መብት የሚከራከር ሰው ማንም ጉዳት እንደ ደረሰበት ማሳየት እንደማይጠበቅበት ደነገገ። በኢትዮጵያም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ሦስቱም ሕጎች «ምን አገባሽ?» ለሚለው ጥያቄ «ያገባኛል» የሚለውን ቃል በቂ መልስ ያደርጉታል። ግለ ታሪኩ በዚህ ነጥብ ላይ ቢቆይ ኖሮ የአንዲት ሴት ጽናት እንዴት የሁሉም መብት እንደ ሆነ የበለጠ ያሳይ ነበር።

4. ሣሩ ላይ የተቀመጠው ሰው

ማታይ በደብዳቤዎቻቸው ኡሁሩ ፓርክን ከለንደኑ ሃይድ ፓርክና ከኒው ዮርኩ ሴንትራል ፓርክ ጋር ያነጻጽራሉ። እዚያ የማይደረግ እዚህ ስለ ምን ይደረጋል የሚል ሙግት ነው። ንጽጽሩ ዒላማውን ያውቃል፤ የሚናገረው ለብሪታኒያ ባለሀብትና ዲፕሎማት፣ ኋላም ለውጭ ገንዘብ ሰጪ ነው። ውጤቱም የታሰበው ሆነ።

ነገር ግን ንጽጽሩ ዋጋ ያስከፍላል። ኡሁሩ ፓርክ ክብሩን ከለንደንና ከኒው ዮርክ ሲዋስ፣ የናይሮቢ ነዋሪ ለራሱ ሣር ያለው ምክንያት ወደ ኋላ ይቀራል። በመጽሐፉ ውስጥ ነዋሪው አይጠፋም። ለጋዜጦች ደብዳቤ የጻፉ ዜጎችና ድጋፋቸውን የገለጹ መንገደኞች እንደ ነበሩ ይነገራል። ይሁን እንጂ በአብዛኛው የሚታየው በሦስተኛ መደብ ነው፤ ያርፋሉ፣ ይዝናናሉ፣ ይፈራሉ፣ ያመሰግናሉ። «እኛ» የሚለው ተውላጠ ስም በንቅናቄው አባላት ዙሪያ ይቀራል። የስዋሂሊ ተናጋሪው ነዋሪ ቦታውን «ቡስታኒ» (የተክል ስፍራ) ይለዋል ወይስ «ኡዋንጃ» (ክፍት ሜዳ)? የሕዝብ ንብረት የሚለውን «ማሊ ያ ኡማ» በዚህ ጉዳይ ላይ እንዴት ይጠቀምበታል? መጽሐፉ ይህን አይነግረንም። ጥያቄው የቋንቋ ጥናት ቅንጦት አይደለም። ሙግቱ ለውጭ ጆሮ ብቻ የተቀመረ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ሕንፃ የውጭ ገንዘብ ሳያስፈልገው ሲመጣ የሚሰማ ጆሮ አይኖርም።

ለማታይ ፍትሐዊ ለመሆን፣ ያን ጊዜ በአገር ውስጥ የሚሰማ መድረክ ጠባብ ነበር። ፓርላማው የአንድ ፓርቲ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም በሩን ዘግቷል። ደብዳቤዎቹ ወደ ውጭ የተላኩት ውስጡ ስለ ተዘጋ ነው። ጉድለቱ በዘመቻው ላይ ሳይሆን፣ ከ17 ዓመት በኋላ በተረጋጋ ጊዜ የተጻፈው ትረካ ያንኑ የደብዳቤ አንደበት ይዞ በመቅረቱ ላይ ነው።

5. መናፈሻና ጦም ያደረ መሬት

ይህ ጥያቄ ወደ አማርኛ ሲመጣ ባዶ ሜዳ አይጠብቀውም። «መናፈሻ» «ተናፈሰ» ከሚለው ግሥ በመነሻና በመድረሻ ቅጥያ የተሠራ የቦታ ስም ነው፤ ቦታውን የሚሰይመው ሰው በሚሠራበት ነገር ነው። የሚናፈስበት ሰው ከሌለ ስሙ ራሱ ትርጉም የለውም። «ፓርክ» የሚለው የውሰት ቃል ግን የተሠራውን ነገር ብቻ ይጠራል። በተቃራኒው ወገን «ክፍት ቦታ» እና «ጦም ያደረ መሬት» አሉ። ጦም ያደረ መሬት ያልታረሰ፣ ስለዚህም አንድ ነገር ሊዘራበት የሚገባ መሬት ነው። አባባሉ ከገበሬው እርሻ ወደ ከተማ ሲገባ ሣር የበቀለበትን ስፍራ ሁሉ ግንባታ የሚጠብቅ ያስመስለዋል። ከሁለቱ መሐል ደግሞ የገጠሩ «ወል» አለ፤ የወል ግጦሽ ባለቤቱ የማይታወቅ ሳይሆን ባለቤቱ ብዙ የሆነ መሬት ነው። የከተማ አማርኛ ይህን ቃል ለሰዋስው ትቶ «የመንግሥት» እና «የግል» በሚሉ ሁለት ቃላት መወሰኑ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በርካታ ፓርኮችን አግኝታለች። ስሞቻቸው ከኡሁሩ ጋር ሰዋስዋዊ ዝምድና አላቸው፤ አንድነት ፓርክና ወዳጅነት ፓርክ ሁለቱም በረቂቅ ስም የተሰየሙ ናቸው። አመጣጣቸው ግን ይለያል፤ ከላይ ታስበው፣ ተሠርተው፣ ተመርቀው የተከፈቱ ናቸው፤ አንድነት ፓርክም በክፍያ የሚገባበት ነው። ይህ አረንጓዴነታቸውን አይቀንሰውም። ስለ እነርሱ የሚጻፈው ዐረፍተ ነገር ግን ባለቤቱን በሠሪው ወገን ያስቀምጣል፤ ተናፋሹ እንግዳ ነው። በአንጻሩ ጃን ሜዳ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ገበያ በተዛወረበት ጊዜ፣ ሜዳው ለጥምቀት በዓል እንዲለቀቅ የቀረበው ጥያቄ ከማንም የውጭ ከተማ ጋር ማነጻጸር አላስፈለገውም። ምክንያቱ በአገሩ ቋንቋ የተዘጋጀ ነበር፤ ታቦታቱ የሚያድሩት እዚያ ነው።

ኡሁሩ ፓርክ ዛሬ ሕንፃ ሳይቆምበት መኖሩ ማታይና ጓደኞቻቸው ላወጡት ድምፅ ምስክር ነው። ግለ ታሪኩም ያን ድምፅ ለአንባቢ በማቆየቱ ሊመሰገን ይገባዋል። ከእርሱ በኋላ የሚጻፈው ግን ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል፤ ሣሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ቦታውን በራሱ ቋንቋ ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ «ምን አገባህ?» ሲባልም ምን ብሎ እንደሚመልስ መመዝገብ። በተጨናነቁት የቀጣናው ከተሞች ክርክሩ ነገ በሌላ ሜዳ ላይ ይነሣል፤ ያን ጊዜ መልሱ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ውስጥ ብቻ እንዲገኝ መተው አይገባም።